ከክራሽ በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ ከመፎርማት በፊት

«ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ» የሚለው ብቻውን ብዙ አይናገርም። ማብሪያው ሲጫን መብራት እንኳ የማያሳየውም፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆነውም፣ የአምራቹ አርማ ላይ ደርሶ የሚቀረውም፣ ዊንዶውስ ሊገባ ሲል ሰማያዊ ስክሪን የሚያወጣውም ሁሉም «አልነሳ አለ» ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ ዊንዶውስ ሊጠረጠር የሚችለው በመጨረሻው፣ ቢበዛ በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው። ያም ሆኖ ለአራቱም የሚታዘዘው አንድ መድኃኒት ነው፤ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን።

ቅደም ተከተሉ ሌላ መሆን አለበት። መጀመሪያ ማሽኑ የት ድረስ ሄዶ እንደሚቆም ይታይ፣ ቀጥሎ ፋይሎቹ ይውጡ፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ይህ ተገልብጦ ሲሠራ ፋይሉም ይጠፋል፣ ጥፋቱም የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደር) ወይም የዲስክ ከነበረ ማሽኑ ያው እንደተኛ ይቀራል።

ስክሪኑ ላይ ምንም ካልመጣ

የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፦ ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሜሞሪ ካርድ። ኪቦርድና ስክሪን ይበቃሉ። ቀልድ ይመስላል እንጂ በባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው፣ የዋናው ሰሌዳ የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) የቡት ተራ፣ ማለትም ሲስተም በሚፈልግበት ቅደም ተከተል ላይ ዩኤስቢ ከቀደመ ማሽኑ የተረሳ ፍላሽ ላይ ሲስተም ሲፈልግ ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ኤሌክትሪኩን ጨርሶ አውጡለት። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነም አውጡት። ዴስክቶፕ ከሆነ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙና መልሳችሁ ሞክሩ። ካፓሲተሮቹ ላይ የቀረው ቻርጅ ሲወጣ፣ ኃይልን የሚቆጣጠረው ትንሹ ቺፕ ከክራሹ ወዲህ ተንጠልጥሎ ከነበረ እንደ አዲስ ይጀምራል። ላፕቶፕ ላይ ይህ ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ካፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቱ ተጭናችሁት የሚበራ፣ ደግማችሁ ስትጫኑት የሚጠፋ ከሆነ ማሽኑ በሕይወት አለ፤ የጎደለው ምስሉ ብቻ ነው። ላፕቶፑን ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኙት። ዊንዶውስ ገብቶ ምስሉ ብቻ የጠፋ ከመሰላችሁ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን በአንድ ላይ መጫን የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስጀምረዋል። ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? የሞዴል ቁጥራቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው፣ በእነሱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ምንም አያወጣም።

ካፕስ ሎክም መልስ ካልሰጠ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ራም ነው። ገመዱ ተነቅሎ፣ እጃችሁ የኬዙን ብረት ነክቶ፣ ራሞቹን አውጡ። ወርቃማዎቹን ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና ፍርፋሪው ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ በብሩሽ አራግፉ። ስትመልሱ አንድ ራም ብቻ አስገቡ። ብዙ ባለአራት ሶኬት ማዘርቦርዶች ላይ የነጠላ ራም ቦታ ከፕሮሰሰሩ ወዲህ ሁለተኛው ሶኬት ነው፤ ማኑዋሉ ግን የመጨረሻ ቃል አለው። ካልነሳ በሌላኛው ራም ድገሙት። ዲዲአር5 ያለው ማሽን ላይ ራም ከነካካችሁ በኋላ ማዘርቦርዱ ራሙን ሲለካ ስክሪኑ ደቂቃዎች ያህል ጥቁር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ አታጥፉት። ማዘርቦርዱ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የሚሉ ትንንሽ መብራቶች ካሉት በርቶ የሚቀረው መብራት የት እንደቆመ ይነግራችኋል። ማዘርቦርዱ ሲነሳ የሚያሰማው የቢፕ ድምፅ ትርጉም ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከሌላ ሰው ሰንጠረዥ ላይ አታንብቡት።

ማብሪያው ሲጫን ጨርሶ መብራት ካልታየ ተጠርጣሪው ፓወር ሰፕላይ፣ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ነው። መልቲሜትር ካላችሁ ቢጫው ገመድ ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ማሳየት አለበት። ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሥራ ሲበዛበት የሚወድቅ ፓወር ሰፕላይ ስላለ፣ ከመለካት ይልቅ ደህናውን አምጥቶ መቀየር የበለጠ ያረጋግጣል። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አትክፈቱት፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛል።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ

ብዙ መመሪያ በአንድ መስመር የሚያልፈው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ባለ3 ቮልት ክብ ባትሪ የባዮሱን ሰዓት ታስኬዳለች፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ቅንብሩንም የምትይዘው እሷ ናት። ባትሪዋ ስትደክም ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ማንም አያውቅባትም። አንድ ቀን መብራት ተቋርጦ ማሽኑ ሲጠፋ ግን ቅንብሩ ሁሉ ፋብሪካው ወዳወጣው ይመለሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲበራ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ሰውም ዊንዶውስ ተበላሸ ይላል። ባዮስ ገብታችሁ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ ምልክቱ ይኸው ነው።

ችግሩ ከሁለት ቅንብሮች ይመጣል። የመጀመሪያው የዲስኩ መቆጣጠሪያ የሚሠራበት ስልት ነው፤ ሬይድ፣ ቪኤምዲና ኤኤችሲአይ የእነዚህ ስልቶች ስሞች ናቸው። ዊንዶውሱ ሲጫን ሬይድ ወይም የኢንቴል ቪኤምዲ በርቶ ከነበረና አሁን ኤኤችሲአይ ከሆነ (ወይም በተቃራኒው)፣ ዊንዶውስ ለአዲሱ ስልት የሚሆን ድራይቨር ገና በመነሻው ላይ አይጭንም። ዲስኩን ማየት ስለማይችልም «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ይቆማል፤ የኮዱ መጨረሻ 7ቢ ነው። ሁለተኛው ማሽኑ የሚነሳበት መንገድ ነው፤ ሌጋሲ የሚባለው አሮጌው ወይም ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ። ጂፒቲ በሚባለው አዲሱ አከፋፈል በተከፈለ ዲስክ ላይ በዩኢኤፍአይ የተጫነ ዊንዶውስ ባዮሱ ወደ ሌጋሲ ከተመለሰ አይነሳም፤ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» ይላል፤ ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ባትሪዋን ቀይሩና ቅንብሩን ወደነበረበት መልሱ (ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ማመስጠሪያ የተቆለፈ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከታች ስለ ቢትሎከር ያለውን አንብቡ)። የነበረውን የማታውቁ ከሆነ አንዱን ቀይራችሁ፣ ሴቭ አድርጋችሁ፣ ሞክራችሁ እዩ። ሁለቱን በአንዴ አትቀይሩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።

እዚያው ባዮስ ውስጥ ሳላችሁ ዲስኩ በስሙ ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። ካልታየ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ በሌላ ቀይሩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤም.2 ከሆነ ብሎኑን ፈታችሁ አውጥታችሁ መልሱት። ዲስኩ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ በመሞት ላይ ያለ ዲስክ አድርጋችሁ ያዙት።

ከጥገናው በፊት ፋይሉ

ዲስኩ ይታያል፣ ዊንዶውስ ግን አይገባም። ሰው ሁሉ ወደ ቼክዲስክ፣ ዲስክ ፈትሾ ወደሚያስተካክለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ፣ የሚሮጠው እዚህ ላይ ነው፤ መቆም ያለበትም እዚሁ ነው። ቼክዲስክ በስላሽ አር ሲታዘዝ የዲስኩን እያንዳንዱን ሴክተር (ትንሿን የመረጃ ክፍል) ያነባል፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ጤነኛ ዲስክ ይህን ይችለዋል። ንባቡ የደከመውን ግን እዚያው ሊጨርሰው ይችላል፤ በዚያ ላይ ቼክዲስክ ፋይል ሲስተሙን ለማስተካከል ይጽፋል፣ የጻፈው ደግሞ አይመለስም።

መጀመሪያ የዲስኩ ጤና። ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አዘጋጁና ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሹ አስነሱት። ሊኑክሱ ከተነሳ፣ ራሱ አንድ ዜና ነው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ስክሪኑ ቢያንስ ለመነሳት ይበቃሉ ማለት ነው። ከዚያ የዲስኩን የስማርት መዝገብ፣ ማለትም ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ፣ ተመልከቱ። ሃርድ ዲስክ ላይ የሚታዩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ 5 (ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች)፣ 197 (ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁ) እና 198 (ጨርሶ ያልተነበቡ)። ጥሬ ዋጋቸው ዜሮ ቢሆን ጥሩ ነው። 197 ዜሮ ካልሆነና እየጨመረ ከሄደ ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ መቅዳት ብቻ። መዝገቡ በአጠቃላይ «ፓስድ» ማለቱ አያጽናናችሁ፤ ብዙ ዲስክ «ፓስድ» እንደተባለ ነው የሚሞተው።

ለደከመ ዲስክ ተራ ኮፒ አይሆንም፤ አንድ መጥፎ ሴክተር ላይ ሲደርስ እዚያው ተጣብቆ ዲስኩን ያደክመዋል። ዲዲሬስኪው የሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይቀዳል፣ አስቸጋሪዎቹን ወደ መጨረሻ ያቆያቸዋል። የት እንደደረሰ በማፕ ፋይል ስለሚይዝ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። መቀበያው ዲስክ ከሚቀዳው ማነስ የለበትም፤ ምንጩንና መቀበያውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፣ ተገላቢጦሽ ከተጻፈ የቀረውም ይጠፋል። ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለው ይህንንም አትሞክሩ። አጥፉት፤ ፋይሉ ውድ ከሆነ የባለሙያ ሥራ ነው።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ሊኑክስም ሳያስፈልግ ፋይል ማውጫ መንገድ አለ። ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መነሳት ሲያቅተው በሦስተኛው ራሱ ወደ ሰማያዊው የጥገና ገጽ ይገባል። ካልገባ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ (8 ጊጋባይት ይበቃል) ሰክታችሁ አስነሱና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሺፍትና ኤፍ10ን ተጫኑ፤ ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ኖትፓድ ብላችሁ ጻፉ። ኖትፓዱ ሲከፈት ፋይል፣ ኦፕን በሉና ከታች ያለውን ምርጫ ወደ «ኦል ፋይልስ» ቀይሩ። የምታዩት ትንሽ የፋይል መስኮት ነው፤ ዶክመንት ፎልደራችሁን በቀኝ ክሊክ ኮፒ አድርጋችሁ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ፔስት ማድረግ ይቻላል። መስኮቱ ቅጂው ምን ያህል እንደሄደ ስለማያሳይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ታገሱት።

በቢትሎከር የተቆለፈ ዲስክ ከሆነ በመንገዱ ላይ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ትጠየቃላችሁ። ማይክሮሶፍት አካውንት የሚጠቀም ሰው ከሌላ መሣሪያ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ሊያገኘው ይችላል፤ የመሥሪያ ቤት ማሽን ከሆነ የአይቲ ክፍሉ ዘንድ ነው። ባዮስ መነካካትም ቢትሎከርን ቁልፍ ሊያስጠይቀው ስለሚችል ቁልፉ በእጅ ሳይኖር ባዮስ ባትነኩ ይመረጣል።

አሁን ዊንዶውሱ

ስታርታፕ ሪፔር አንዴ ይሞከር፤ አንዴ። ካልቻለ ደጋግሞ ማስሮጥ ትርፍ የለውም። ቀጥሎ ሴፍ ሞድ፦ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥር። ሴፍ ሞድ የሚጭነው ለመነሳት የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ነው። በሴፍ ሞድ ከተነሳ የዊንዶውሱ መሠረት ደህና ነው፤ ጥፋተኛው በኋላ የተጨመረ ድራይቨር፣ ጸረ ቫይረስ ወይም አፕዴት ነው። ከክራሹ በፊት በመጨረሻ የገባውን አውጡ። ሴፍ ሞድም እምቢ ካለ ከጥገናው ገጽ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ወይም ሲስተም ሪስቶር አለ። ሪስቶር የግል ፋይል አይነካም፤ ከተመረጠው ቀን በኋላ የገቡ ፕሮግራሞችንና ድራይቨሮችን ግን ያወጣል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 በክራውድስትራይክ የደኅንነት ሶፍትዌር ብልሹ አፕዴት ምክንያት ማይክሮሶፍት 8.5 ሚሊዮን ያህል ብሎ የገመታቸው የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ወድቀው ነበር። መፍትሔው በሴፍ ሞድ ወይም በጥገናው ገጽ ገብቶ ከድራይቨሮች ፎልደር ውስጥ ስሙ ውስጥ 291 ያለበትን ፋይል መሰረዝ ነበር። ለዚህ መፎርማት አያስፈልግም ነበር። ሥራውን ያጓተተው እያንዳንዱ ማሽን ዘንድ በአካል መድረስና፣ ቢትሎከር ባለበት ቁልፉን መፈለግ ነው።

ወደ ትዕዛዝ መስኮት የሚገባው ይህ ሁሉ ካልሠራ ነው። (ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ።) እዚያ ውስጥ ሲ ድራይቭ የምትሉት ሲ ላይሆን ይችላል፤ ዲ ወይም ኢ የሆነበት ብዙ ነው። ዲስክፓርት፣ ከዚያ ሊስት ቮልዩም ብላችሁ በመጠኑ ለዩት። ይህን ሳያዩ የሚጻፍ ትዕዛዝ የተሳሳተ ክፍል ላይ ይውላል።

ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን ስላወቃችሁ ቼክዲስክ በስላሽ ኤፍ አሁን ይቻላል። ኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ በዲስኩ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ስልት) የፋይሎቹን ማውጫ እንጂ የፋይሎቹን ይዘት በጆርናል፣ ማለትም ለውጦችን አስቀድሞ በሚይዝ መዝገብ፣ አይጠብቅም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ በመጻፍ ላይ እያለ ከተቋረጠ ማውጫው ትክክል ሆኖ ውስጡ የተበላሸ የሲስተም ፋይል ሊገኝ ይችላል። እሱን የሚያየው ኤስኤፍሲ ስካንናው የሚባለው የሲስተም ፋይሎች መርማሪ ትዕዛዝ ነው። ከዊንዶውሱ ውጭ፣ ከጥገናው መስኮት ሲታዘዝ ግን ኦፍቡትዲር እና ኦፍዊንዲር በሚሉት አማራጮች የዊንዶውሱን አድራሻ ካልሰጣችሁት የተበላሸውን ዊንዶውስ አይመረምርላችሁም። አፕዴት በመሃል ተቋርጦ ከሆነ ዲስም የሚባለው ትዕዛዝ በሪቨርትፔንዲንግአክሽንስ የተጀመረውን ይመልሰዋል። የሬጅስትሪውን (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ) መጠባበቂያ ከሬግባክ ፎልደር መልሱ የሚል ምክር ካገኛችሁ እለፉት፤ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1803 ወዲህ ያ ፎልደር በነባሪው ባዶ ነው።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ መጨረሻው 0ኤፍ የሆነ ኮድና ቢሲዲ የሚል ቃል ካመጣ የጠፋው የማስነሻው መዝገብ ነው። የድሮ መመሪያዎች ቡትሬክ ስላሽ ፊክስቡት ይላሉ፤ ዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ብሎ እምቢ ማለቱ የተለመደ ነው። ያኔ ዲስክፓርት ውስጥ ፋት32 የሆነችውን፣ 100 ሜጋባይት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ የምትለውን ክፍል ምረጡና አሳይን ሌተር ብላችሁ ኤስ የሚል ፊደል ስጧት። ከዲስክፓርት ውጡና ቢሲዲቡት፣ ቀጥሎ የዊንዶውስ ፎልደሩ አድራሻ፣ ቀጥሎ ስላሽ ኤስ እና ኤስ ኮለን፣ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤፍ እና ዩኢኤፍአይ ብላችሁ ጻፉ። «ቡት ፋይልስ ሰክሰስፉሊ ክሪኤትድ» ካለ የማስነሻ ፋይሎቹ እንደ አዲስ ተጽፈዋል። ያቺን ክፍል ፎርማት አድርጉ የሚሉም አሉ፤ ሌላ ሲስተም አብሮ ካለ የሱንም ማስነሻ ይዞ ስለሚሄድ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

«ሪሴት ዚስ ፒሲ» ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ፋይል ይጠብቃል በሚለው ቢመረጥም የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ይጠፋሉ።

ከተነሳ በኋላ

መነሳቱ ክራሹ ለምን እንደመጣ አይነግርም። ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ መስመር ታገኛላችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። መስመሩ የሚለው ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ በግቼክኮድ የሚለው ዜሮ ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን አልተመዘገበም፤ ወይ ኤሌክትሪክ ተቋርጧል፣ ወይ ማሽኑ ደርቆ በማብሪያው ተዘግቷል። ዜሮ ካልሆነ በዊንዶውስ ፎልደር ስር ሚኒደምፕ ውስጥ ያለውን ፋይል ብሉስክሪንቪው በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱት፤ የድራይቨሩን ስም ሊያሳያችሁ ይችላል። በየጊዜው ሌላ ሌላ ድራይቨር የሚከስስ ከሆነ ወይም «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ከተደጋገመ ግን ድራይቨሮቹን ተዉአቸውና ራሙን ፈትሹ።

ለዚህ ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ከእሱ አስነሱ፤ ነጻው ስሪት አራት ዙር ይሄዳል፣ ራሙ ብዙ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። አንድ ስህተት እንኳ ብዙ ነው። ስህተት ካወጣ ራሙን ከመጣላችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለውን፣ ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያስኬደውን ቅንብር፣ አጥፉና ድገሙት። ስህተቱ ከጠፋ ራሙ በራሱ ፍጥነት ደህና ነው፤ ያላዋጣው ከመደበኛው በላይ መነዳቱ ስለሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መጠቀም ይቻላል። ካልጠፋ ራሞቹን አንድ በአንድ አስገብታችሁ ፈትኑ፤ ስህተቱ አንዱን ራም ከተከተለ ራሙ፣ አንዱን ሶኬት ከተከተለ ማዘርቦርዱ ነው።